የወደቀ ሌንስ፦ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ባለፈው የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ፎቶግራፍ ለማንሳት የድንጋይ አጥር ላይ የወጣ አንድ ባልደረባችን፣ ሕዝቡ ሲገፋው ሚዛኑን ሳተ። እሱ በእግሩ አረፈ። በትከሻው ላይ የነበረው ካሜራ ግን ማንገቻው ሾልኮ በሌንሱ በኩል ከአስፋልቱ ጋር ተላተመ። ሲያነሳው የሌንሱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጧል፤ ከፊት ያለው መስተዋት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ካሜራውን ከፍቶ ሲሞክረውም በመስኮቱ ላይ «ኤረር 01» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ሌንሱ የጋዜጣው ንብረት ሳይሆን የግሉ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ያቀረበው፣ ከ24 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋና የብርሃን መክፈቻው ኤፍ 4 የሆነ ዙም ሌንስ ነው። ባልደረባችን ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እያነሳ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው በዚሁ ሌንስ ነው። በዚያን ዕለት ደግሞ የሁለት ሠርግ ቀብድ ተቀብሏል። አንደኛው ሠርግ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው እሑድ፣ ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ማታ ቢሮ ስንገናኝ ውሳኔው አልቆለት ነበር። ከጓደኛው ላይ የዕቁብ ዕጣ ገዝቶ በማግስቱ ሌላ ሌንስ ሊገዛ አስቧል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በበኩሉ ዕጣው ከመገዛቱ በፊት ሂሳቡ በወረቀት ላይ እንዲሠራ አሳሰበው። ከዚህ በታች የቀረበው የዚያ ሂሳብ ውጤት ነው። በካሜራ የሚተዳደሩ ወይም ለቤተሰብ ካሜራ የገዙ አንባቢዎች አንድ ቀን ይገጥማቸው ይሆናልና ይጠቅማል ብለን አቅርበነዋል።

የተሰበረው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ስህተት የተሰበረው ነገር ሳይታወቅ ስለ ዋጋ ማሰብ ነው። ባልደረባችን ሌንሱን ይዞ የሄደው ለረጅም ዓመታት በካሜራ ጥገና ወደሚታወቁ አንድ አዛውንት ባለሙያ ነበር። ባለሙያው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ከነበሩበት ተነስተው አሁን በአንድ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ጠባብ ክፍል ተከራይተዋል። ሌንሱን ተቀብለው በመጀመሪያ ያደረጉት የተጣመመውን ጠርዝ ቀስ ብለው አቃንተው የተሰነጠቀውን መስተዋት መፍታት ነበር። መስተዋቱ ሲወጣ ከሥሩ ያለው የሌንሱ የራሱ መስተዋት አንድም ጭረት አልነካውም። የተሰበረው ለመከላከያ የተገጠመው ፊልተር ብቻ ነበር።

«ኤረር 01»ን በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጽሑፍ የሚወጣው በካሜራውና በሌንሱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ግንኙነት ሲታወክ ነው። ባለሙያው የመክፈቻውን መጠን ኤፍ 4 ላይ አድርገው ቢያነሱ ካሜራው ያለ ምንም ችግር ሠራ። ወደ ኤፍ 8 ሲወስዱት ጽሑፉ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ መውደቁ ነው የገደለው?» ሲል ባልደረባችን ጠየቀ።

«የለም ልጄ፣ ድሮም ታሞ ነበር። መውደቁ ቀኑን ነው ያቀረበው» አሉት።

የዚህ ዓይነቱ ሌንስ በሽታ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። የብርሃን መክፈቻውን የሚያዘው ስስ ፍላት ኬብል ዙሙ በተዘረጋና በተሰበሰበ ቁጥር ስለሚታጠፍ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ይበጠሳል። መክፈቻው ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆነበት በኤፍ 4 ሲነሳ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ካሜራው አያማርርም። ለማጥበብ ሲታዘዝ ነው ችግሩ የሚወጣው። እንግዲህ ባልደረባችን ሞተ ያለው ሌንስ ግማሽ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ይህን የማወቅ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌሎቹ የተለመዱ ጉዳቶችም እንዲሁ የየራሳቸው ክብደት አላቸው። ሰው ሁሉ የሚደነግጥለት የፊት መስተዋት ጭረት ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ያነሰው ነው። ሌንሱ ራቅ ያለውን ነገር ስለሚያይ አፍንጫው ላይ ያለው ጭረት በፎቶግራፉ ላይ እንደ ጭረት አይወጣም። ጉዳቱ የሚታየው ፀሐይ ወይም ጠንካራ መብራት ፊት ለፊት ሲሆን ሥዕሉ በመደብዘዙ ነው። ከኋላ፣ ወደ ካሜራው ቅርብ በሆነው መስተዋት ላይ ያለ ጭረት ግን ትንሽም ብትሆን ልታስቸግር ትችላለች። ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ቢመረምር ይበጀዋል።

ሻጋታም አለ። ክረምቱን ሙሉ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት የከረመ ሌንስ በመስተዋቶቹ መካከል እንደ ክር የሚዘረጋ ነጭ ነገር ያበቅላል። በጊዜ ከተደረሰበት ተፈትቶ ይጸዳል። ከቆየ ግን የመስተዋቱን ሽፋን ስለሚበላው ቢጸዳም ፋናው አይጠፋም። በዚህ ጊዜ የጥገና ገንዘብ መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው።

ከሁሉም የከፋው ዓይን የማያየው ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሌንስ በውስጡ 18 መስተዋቶች በ13 ምድብ ተደርድረውበታል። ከእነዚህ አንዱ በመውደቅ ምክንያት በጥቂቱ ቢያዘነብል ሌንሱ ከውጭ አዲስ መስሎ የፎቶግራፉ አንድ ጎን ጥርት፣ ሌላው ጎን ድብዝዝ ይላል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው መሣሪያ በየሱቁ የሚገኝ አይደለም።

ዋጋው ከየትኛው ዋጋ ጋር ይወዳደር?

ብዙ ሰው የጥገናውን ዋጋ የሚያወዳድረው ከአዲስ ሌንስ ዋጋ ጋር ነው። አዲሱ ውድ ስለሆነ ማንኛውም ጥገና ርካሽ ይመስላል። ይህ ግን ትክክለኛው ሚዛን አይደለም። የወደቀው ሌንስ ያገለገለ ዕቃ እንደመሆኑ መወዳደር ያለበት በተመሳሳይ ሁኔታ ካለ ያገለገለ ሌንስ ጋር ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮች ገበያውን በተቃራኒ አቅጣጫ ጎትተውታል። አንደኛው ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2012 በ2,299 ዶላር ያስተዋወቀውን ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ የባለሙያ ሌንስ ለምሳሌ ብንወስድ፣ በ57 ብር ሲታሰብ 131,043 ብር፣ በ100 ብር ሲታሰብ 229,900 ብር ይመጣል። እርግጥ በርካታ ነጋዴዎች ቀድሞውንም ዕቃውን የሚያስገቡት ከባንክ ውጭ በሚገኝ ውድ ዶላር ስለነበር የሱቁ ዋጋ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ዘለለ ማለት አይደለም። ይሁንና መሠረታዊው ነጥብ አይለወጥም። ሌንስ በዶላር ይገዛል፤ የጠጋኙ እጅ ግን በብር ይከፈላል። ብር በወረደ ቁጥር ጥገና ከመለወጥ አንጻር እየረከሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚጎትት ነው። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 መስታወት አልባ ካሜራዎቻቸውን ከአዲስ የሌንስ መግጠሚያ ጋር ካቀረቡ ወዲህ በውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች የቀድሞ ሌንሶቻቸውን እየሸጡ ወደ አዲሱ ተሻግረዋል። በዚህም የተነሳ የቀድሞዎቹ ሌንሶች የሁለተኛ እጅ ዋጋ በዶላር ሲታይ ወርዷል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሌንስ አብዛኛው ከዚሁ ክምር ነው። በመሆኑም ትናንት ቢጠገን ያዋጣ የነበረ ሌንስ ዛሬ የማያዋጣበት ጊዜ አለ። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው የዕለቱን የሁለተኛ እጅ ዋጋ ጠይቆ መነሳት ይኖርበታል።

በመለዋወጫ በኩል ያለው ችግር ደግሞ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ለነፃ ጠጋኞች መለዋወጫ መሸጥ አቁሟል። እዚህ ደግሞ መለዋወጫ የሚገኘው ባብዛኛው ከሌላ የሞተ ሌንስ ተፈትቶ ነው። ይህም ማለት አይሠራም ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ሌንስ ዋጋ አለው ማለት ነው። የአንዱ ሬሳ የሌላው መድኃኒት ስለሆነ ሌንሱን ለመለወጥ የወሰነ ሰው የተሰበረውን በነፃ መስጠት የለበትም።

የባልደረባችን ሂሳብ

ቁጥሮቹን በተጠጋጋ መልኩ እናቅርባቸው። ባለሙያው ለፍላት ኬብሉና ለሥራው 14,000 ብር ጠየቁ። ተመሳሳይ ያገለገለ ሌንስ በዚያን ሰሞን 45,000 ብር ተባለ። ባልደረባችን ይህን ገንዘብ ለማግኘት ዕጣ ለሚሸጥለት ጓደኛው 4,000 ብር መተው ነበረበት። ድምሩ 49,000 ብር ይሆናል። የተሰበረውን ለመለዋወጫ የሚፈልግ ሰው 8,000 ብር ስለሰጠበት ያ ሲቀነስ የመለወጡ እውነተኛ ዋጋ 41,000 ብር ነው።

በ14,000 እና በ41,000 መካከል ምርጫው ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን ጥገና የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ባለሙያው በሐቅ እንደተናገሩት እንዲህ ዓይነት ሥራ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ይሳካላቸዋል፤ አንዱ ሲፈታ ሌላ ጉድ ይወጣዋል። ካልተሳካ ደግሞ ሌላ መግዛት ስለማይቀር የጥገናው ዋጋ በዚያ ላይ ይደመራል።

እዚህ ላይ ውሉ ወሳኝ ነው። ባልደረባችን የተስማማው ሌንሱ ካልተሠራ መፍቻውን 1,500 ብር ብቻ እንዲከፍል ነበር። አራት ሰዎች ይህን ሌንስ ለጥገና ቢሰጡ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 14,000 ብር፣ አራተኛው 1,500 ብርና የመለወጫውን 41,000 ብር ያወጣሉ። ድምሩ 84,500 ብር ሲሆን በነፍስ ወከፍ 21,125 ብር ይደርሳል። ተሠራም አልተሠራ ሙሉ ክፍያ ቢጠየቅ ኖሮ 24,250 ብር ይሆን ነበር። በሁለቱም በኩል ከ41,000 ብር ያነሰ ነው። ስለዚህ መጠገኑ ያዋጣል። ውሉን በቅድሚያ መነጋገር ብቻውን ደግሞ 3,125 ብር አተረፈ።

ይህን ሁሉ ስሌት ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው አንድ ቀላል መመሪያ ሊይዝ ይችላል። የጥገናው ዋጋ ተመሳሳይ ያገለገለ ሌንስ ከሚያወጣው ከግማሽ በታች ከሆነ ይጠገን። ከግማሽ በላይ ከሆነ ይለወጥ። ግማሽ የተባለበት ምክንያት ጥገናው የመክሸፍ ዕድል ስላለው፣ የተከፈተ ሌንስ ሲሸጥም ዋጋው ስለሚቀንስ ነው።

በዚሁ መመሪያ መሠረት ጭራሽ ጥገና የማያሻቸው አሉ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ አንዱ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2015 በ125 ዶላር ያቀረበው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስም ከዚሁ ይመደባል። እነዚህን ለመፍታትና ለመግጠም የሚጠፋው የእጅ ሥራ ከሌንሱ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። በአንጻሩ በውድ ሌንሶች ላይ የጠርዝ መጣመም፣ የላላ ብሎን ወይም የተበጠሰ ፍላት ኬብል ሲያጋጥም ያለ ብዙ ማመንታት መጠገን ይገባል። መስተዋቱ ያዘነበለ ወይም ሻጋታ የበላው ሲሆን ደግሞ ዋጋው ሳይወድቅ ለመለዋወጫ መሸጡ ይሻላል።

የቀን መቁጠሪያውም ዋጋ አለው

በሂሳቡ ውስጥ ያልገባ አንድ ወጪ አለ። ጠጋኙ ለሥራውና መለዋወጫውን ለማፈላለግ ሦስት ሳምንት ጠየቁ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሁለቱ ሠርጎች አሉ። ቀብድ ቢመለስ የሚታጣው የሁለት ቀን ገቢ ብቻ አይደለም፤ ስምም አብሮ ይሄዳል። ባልደረባችን ዕጣ ሊገዛ የተጣደፈው በዚሁ ምክንያት ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከበሽታው ምርመራ ነው። ሌንሱ በኤፍ 4 እንደሚሠራ ስለታወቀ ወዲያው መጠገንም ሆነ መለወጥ አላስፈለገም። ባልደረባችን ሁለቱንም ሠርጎች መክፈቻውን ኤፍ 4 ላይ ቆልፎ አነሳ። ችግር አልነበረውም ማለት አይደለም። እኩለ ቀን ላይ በመናፈሻ ሙሽሮችን በፍላሽ ማንሳት ስላልተመቸው ጥላ ፍለጋ ተንከራትቷል። ዘመድ በሁለትና በሦስት ረድፍ ሲቆምም ዙሙን አርዝሞ ከሩቅ ከማንሳት ይልቅ ሰፊውን ጫፍ ተጠቅሞ ቀረብ ማለት ነበረበት። ኬብሉ በመካከል ጨርሶ ቢበጠስ ብሎም ከጓደኛው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተውሶ በቦርሳው ይዞ ነበር። ቀብዱ ግን አልተመለሰም።

ሌንሱ ለጥገና የገባው ሁዳዴ ሲያዝ ነው። በእነዚያ 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር ለብዙዎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ካሜራው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጠጋኙ ጋ ቢውል የሚያሳጣው ገቢ የለም ለማለት ይቻላል። በጥር ቢገባ ኖሮ ግን ሁለት ሠርግ ያስከፍል ነበር። አንድ ዓይነት ጥገና፣ አንድ ዓይነት ክፍያ፣ ነገር ግን እንደ ወሩ ሁለት ዋጋ አለው። በሰኔና በሐምሌ ምረቃ የሚያነሱ፣ ወይም ደንበኞቻቸው ሙስሊሞች የሆኑ ባለሙያዎች የራሳቸውን የሥራና የዕረፍት ወራት ለይተው ተመሳሳዩን ስሌት ሊያወጡ ይችላሉ።

ጋዜጣውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ

ከጥገና የወጣም ሆነ በሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሌንስ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መፈተን አለበት። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ይህንኑ ጋዜጣ ሁለት ገጹን ዘርግተው በብርሃናማ ቦታ ግድግዳ ላይ በደንብ ወጥሮ መለጠፍ ይበቃል። ካሜራውን በእግሩ አቁመው ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ያስተካክሉ፤ ጋዜጣው ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ይሙላው። በመጀመሪያ መክፈቻው ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ፣ ቀጥሎ በኤፍ 8 ያንሱ። ዙም ከሆነ በአጭሩም በረጅሙም ጫፍ ይድገሙት።

ከዚያ ፎቶግራፉን አጉልተው የአራቱን ጥጎች ፊደል ያንብቡ። አራቱም ጥጎች እኩል ቢደበዝዙ ብዙ አያስጨንቅም፤ የሌንሱ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጥግ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከደበዘዘ ግን በመጀመሪያ ካሜራው ለግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን አረጋግጠው እንደገና ያንሱ። ድብዛዜው እዚያው ጥግ ላይ ከጸና በውስጡ የተዛነፈ መስተዋት አለ ማለት ነው። በኤፍ 8 የሚጠፋ ከሆነ በሌንሱ መሥራት ይቻላል፤ ዋጋው ግን መቀነስ አለበት። በኤፍ 8ም ካልጠፋ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

የባልደረባችን ሌንስ በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ተሠርቶ ወጣ። ጠጋኙ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ጋዜጣ ተለጥፎ ተፈተነ። «ኤረር 01» በየትኛውም መክፈቻ አልታየም። በኤፍ 4 ሲነሳ የቀኙ የላይኛው ጥግ ፊደል በጥቂቱ ፈዘዝ ብሏል። ያ የከተራው ዕለት ያወረሰው ነው። በኤፍ 8 ግን ይነበባል። አዛውንቱ ይህንን ራሳቸው በጣታቸው አሳይተው ከ14,000 ብሩ ላይ 1,000 ብር ቀነሱለት።

ሌንሱ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሠርግ ሥራ ጀምሯል። ባልደረባችን ዕጣ አልገዛም፤ የራሱን ተራ እየጠበቀ ነው። ሲደርሰው ያገለገለ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመጠባበቂያ ሊገዛ አስቧል። የሠርግ ዘመዶችን አሰልፎ ሲያነሳ መክፈቻውን ኤፍ 8 ላይ ያደርጋል። ብርሃን አንሶ ኤፍ 4 ላይ ለመቆየት ከተገደደ ደግሞ በቀኝ ዳር የቆሙትን ወደ መሐል ጠጋ እንዲሉ ይለምናቸዋል።